«ትሩፋታዊ» ማለት ምን ማለት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቃሉ በአጭሩ ምን ማለት ነው?

ከግዴታ በላይ የሆነ በጎ ሥራን የሚገልጽ ቅጽል ነው። ባታደርጉት ማንም ሊወቅሳችሁ አይችልም። ብታደርጉት ግን ያስመሰግናችኋል። ሁለቱ ባንድ ላይ ካልተሟሉ ቃሉ አይሠራም።

የተበደራችሁትን ብር መመለስ ጥሩ ነገር ነው። ትሩፋታዊ ግን አይደለም፤ ካልመለሳችሁ ትወቀሳላችሁ፣ ብሩ ጠርቀም ያለ ከሆነም ትከሰሳላችሁ። በሻይ ፋንታ ቡና መጠጣት ደግሞ ማንም የማያስገድዳችሁ ነገር ነው፤ ስለጠጣችሁ ግን የሚያጨበጭብላችሁ የለም። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ሰዎች ጨርሶ ለማያውቁት በሽተኛ አንድ ኩላሊታቸውን ይሰጣሉ። ቃሉ ለዚህ ዓይነቱ ነው። «አንተስ ለምን አልሰጠህም?» ብሎ የሚይዘኝ የለም። የሰጠውን ሰው ባገኘው ግን ከወንበሬ እነሳለታለሁ።

ከየት የመጣ ነው?

ከግእዙ «ተረፈ»። ትርፍ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ትርፍራፊ፣ ሁሉም ከዚያው የወጡ ናቸው። በግእዝ «ትሩፍ» የተረፈ ማለት ነው፤ የላቀ፣ የበለጠ ማለትም ነው። ከዚያ «ትሩፋት» መጣ፤ ገድል የሚያነብ ሰው በደንብ ያውቀዋል፣ የቅዱሳኑ ጾምና ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት በዚህ ስም ይጠራልና። «ታሪክ» «ታሪካዊ» እንደሚሆነው እሱም «ትሩፋታዊ» ይሆናል። በዕለት ወሬ ላይ ብዙም አትሰሙትም። እኔ የምጠቀምበት ስለ ሥነ ምግባር ፍልስፍና ስጽፍ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ስላላገኘሁ።

ፈረንጆቹ «ሱፐረሮጋቶሪ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የእነሱ ቃል የወጣው ከላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ ከደጉ ሳምራዊ ታሪክ። ሳምራዊው ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን መንገደኛ እንግዳ ማደሪያ ካደረሰ በኋላ ለጠባቂው ሁለት ዲናር ይሰጥና «ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ይለዋል (ሉቃስ 10፥35)። ላቲኑ «ከዚህ በላይ ብታወጣ» ለማለት የተጠቀመበት ግሥ ነው ኋላ የፍልስፍና ቃል የሆነው። ግእዙም ላቲኑም ሳይመካከሩ ቃላቸውን ከሒሳብ መውሰዳቸው ደስ ይለኛል፤ አንዱ ከተረፈው፣ ሌላው ከተጨመረው።

ዜና ላይ «የሰላም ትሩፋት»፣ «የልማት ትሩፋት» ይባላል። ያው ነው?

አይደለም። እዚያ ጥቅም ወይም ፍሬ ማለታቸው ነው። ስህተት ነው አልልም፣ ቋንቋው አንዴ ወስዶታል። እዚህ ግን እርሱት።

ፈላስፎች ቃሉን ለምን ፈለጉት?

ጄ. ኦ. ኡርምሰን የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ ቀላል ነበር። እስከዚያ ድረስ የሥነ ምግባር ፈላስፎች የሰውን ሥራ በሦስት ይመድቡ ነበር፦ ግዴታ፣ ክልክል፣ ቢደረግም ባይደረግም ችግር የሌለበት። ኡርምሰን «እሺ፣ እነዚህን ወዴት ትመድቧቸዋላችሁ?» አለ። ጓደኞቹን ለማዳን እጅ ቦምብ ላይ የሚወድቅ ወታደር አለ። ወረርሽኝ ወደገባበት ከተማ ማንም ሳይልከው በፈቃዱ የሚሄድ ሐኪም አለ።

ግዴታ ነው ካልን በዚያች ቅጽበት ቦምቡ ላይ ያልወደቁት ወታደሮች ሁሉ ጥፋተኞች ሊሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ጤነኛ ሰው አይልም። «ቢደረግም ባይደረግም» ካልን የወታደሩን ሞት ከሻይና ቡና ምርጫ ጋር አንድ ላይ አስቀመጥነው። ስለዚህ አራተኛ መደብ ያስፈልጋል። ዛሬ በዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ከዚያ ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ ማለት ይቻላል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ከኡርምሰን ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው አምስት መደብ ነበራቸው፦ ዋጂብ (ወይም ፈርድ፣ ግዴታ)፣ መንዱብ (ሙስተሐብም ይባላል)፣ ሙባሕ (ቢደረግም ባይደረግም ችግር የሌለበት)፣ መክሩህ (ባይደረግ የሚሻል፣ ግን ያልተከለከለ)፣ ሐራም (ክልክል)። ሁለተኛውን ተመልከቱ። መንዱብ ማለት ያደረገው ምንዳ የሚያገኝበት፣ የተወው የማይቀጣበት ሥራ ነው። ይኸው ነው እኮ! በሶስት መደብ ሲታገል የኖረው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ደረሳውማ ጉዳዩን ገና በጠዋቱ ጨርሶት ነበር።

ከእኛው ኑሮ ምሳሌ ስጡኝ።

ጾምን ውሰዱ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሉ፤ ምእመን ሁሉ እንዲጾማቸው የታዘዙ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም ግን ከሰባቱ ውስጥ የለም። የፈቃድ ጾም ነው፣ የትሩፋት ጾም የሚሉትም አሉ። የጾመ ጾመ፣ ያልጾመ «ለምን ዶሮ በላህ?» አይባልም። በሙስሊሙ ዘንድ ረመዳን ፈርድ ነው፤ ከረመዳን ቀጥሎ ባለው የሸዋል ወር ስድስት ቀን መጾም ሱና ነው፣ የሚወደድ ግን ግዴታ ያልሆነ። በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ሰውም እንዲሁ ከግዴታው አልፎ ነው።

ገንዘብም ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዘካ ግዴታ ነው፤ ከተወሰነው መጠን በላይ ሆኖ ዓመት ከሞላው ገንዘብ 2.5 በመቶው ይወጣል። ሰደቃ የውዴታ ነው። ብዙ ሰው «ደግነት ሁሉ ትሩፋታዊ ነው» ይለኛል፣ እኔም ዘካን አስታውሰዋለሁ። ለድሃ የተሰጠ ብር ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከፊሉ ዕዳ ነው።

ታዲያ ሁሉም ፈላስፋ በቃሉ ይስማማል?

ኧረ የለም! ክርክሩ የጀመረው በፈላስፎች ሳይሆን በካህናት ነው፣ ደም ያፋሰሰ ጉዳይም ጫፉ ላይ አለበት። የመካከለኛው ዘመን የሮም ካቶሊክ ሊቃውንት ትእዛዝንና ምክርን ይለያሉ። «አትግደል» ትእዛዝ ነው። «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» ምክር ነው። ምክሩን የፈጸሙ መነኮሳትና ቅዱሳን ለራሳቸው ከሚያስፈልጋቸው በላይ መልካም ሥራ አላቸው፣ ያ የተረፈው ይጠራቀማል ተባለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1343 ይህን «መዝገብ» በይፋ አጸኑት፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመዝገቡ እየቆረሰች ለኃጢአተኛው ቅጣት ማቅለል ትችላለች ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣውን ታውቃላችሁ፤ የስርየት ወረቀት መሸጥ ተጀመረ፣ ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1517 ተነሣ።

የተሐድሶዎቹ፣ ማለትም የሉተርና የመሰሎቹ፣ መልስ ከሥር የሚነቅል ነበር። የሰው ልጅ ግዴታውን እንኳ መጨረስ አይችልም፣ ትርፍ ከየት አመጣ? የሚጠቅሱት ሉቃስ 17፥10ን ነው፤ የታዘዛችሁትን ሁሉ ባደረጋችሁ ጊዜ «የማንጠቅም ባሪያዎች ነን፤ ልናደርገው የሚገባንን አድርገናል በሉ» የሚለውን። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 39 አንቀጾች ውስጥ 14ኛው ይህን ትምህርት ትዕቢት ነው ብሎ በስሙ ጠርቶ ያወግዛል።

በኋላ የመጡት ፈላስፎች ሃይማኖቱን ትተው ያንኑ ጥርጣሬ ወረሱ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1788 ልጆችን በጀግና ተረት አታሳድጓቸው ይላል፤ ስለ ታላቅ ሥራ እያለሙ የዕለት ግዴታቸውን ይንቃሉ ብሎ ይሰጋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ስጋት የገባኝ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ሲያለቅስ የሚውል የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ሁለት ወር ሲያዘገይ ታያላችሁ።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ግን የአውስትራሊያዊው ፒተር ሲንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የምሥራቅ ቤንጋል (የዛሬዋ ባንግላዴሽ) ሕዝብ በረሀብና በስደት ሲያልቅ አይቶ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ይጠይቃል፦ ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ሕፃን ሲሰጥም ብታዩ ልብሳችሁ ይጨቀያል ብላችሁ ታልፋላችሁ? አታልፉም። ታዲያ ሕፃኑ ሩቅ አገር ስለሆነ ምን ይለወጣል? ስለዚህ እኛ «በጎ አድራጎት» ብለን የምናሞግሰው ብዙ ነገር ተራ ግዴታ ነው ይላል። ሲንገር ትክክል ከሆነ ትሩፋታዊ የሚባለው መደብ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

እርስዎስ?

ሲንገር ስለ ኩሬው ልክ ነው፣ ስለ ቀሪው አልተዋጠልኝም። ሰው ያለውን ሁሉ እስኪያሟጥጥ ድረስ ባለዕዳ ከሆነ የሚሰጠው ነገር አይኖረውም፤ ሁልጊዜ የሚከፍል ብቻ ነው የሚሆነው። ስጦታ የሚባል ነገር ከዓለም ይጠፋል። እኔ ቃሉን የምወድለት ምክንያት ይኸው ነው፤ አንዱን ሳንወቅስ ሌላውን እንድናመሰግን ይፈቅድልናል።

ከሁሉ የተሻለው ሥራ ከሆነ ለምን ግዴታ አይሆንም?

ይህ ጥያቄ ዋናው እንቆቅልሽ ነው፣ ፈላስፎቹም የሚደክሙበት እሱ ላይ ነው። አንድ ነገር መደረጉ የሚሻል መሆኑን እያወቅሁ የማልሠራበት ምን ፈቃድ አለኝ?

ብዙዎች የሚመልሱት በዋጋው ነው፤ ሥራው የሚያስከፍለው ከበዛ ግዴታ ሊሆን አይችልም ይላሉ። ሌላው መልስ በመጠየቅ መብት ነው። ግዴታ ማለት ከማንኛውም ሰው በደፋርነት ልንጠይቀው የምንችለው ነገር ነው። «ዕዳህን ክፈል» ማለት እችላለሁ። «እኔን ለማዳን ቦምቡ ላይ ውደቅ» ማለት ግን የምችልበት አፍ የለኝም። የተሻለ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ የመጠየቅ መብት ሌላ። የዋጋው መልስ ሁሉን አይፈታም፤ ትንንሽ ትሩፋቶች አሉና። ለማያውቁት ሰው ሻንጣ ደረጃ ማውጣት የሚያስከፍለው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ያም ሆኖ ግዴታ ነው አንልም። ለእኔ የመጠየቅ መብት የሚለው ከዋጋው የተሻለ ያስኬዳል።

ደጋግ ሰዎች ራሳቸው «ግዴታዬን ነው የተወጣሁት» ይላሉ። ይህ ቃሉን አያፈርሰውም?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ለ ሻምቦን የምትባል መንደር ነዋሪዎች ብዙ አይሁዶችን ከናዚ ሸሽገው አተረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሲጠየቁ ልዩ ነገር እንደሠሩ አይቆጥሩትም ነበር። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ሌላ ምን ይደረጋል ባዮች ናቸው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ክብርት አበበች ጎበና ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄዱ። አገሩ በረሀብ ተመትቶ ነበር። ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፣ ሌሎችም ተጨመሩ፣ በመጨረሻ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ድርጅት ቆመ። በዚያ ዓመት ለንግሥ የሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። ሕፃን ሳይዝ የተመለሰውን ሁሉ ልንወቅስ ነው? አንወቅስም። የእሳቸውን ሥራ ግን «የሚጠበቅባቸውን አደረጉ» ብለን ብንዘጋው ነውር ይሆንብናል።

ኡርምሰን ራሱ ለዚህ መልስ አለው። ሐኪሙ «ግዴታዬ ነው» ማለት ይችላል። ሌላ ሰው ለሐኪሙ «ግዴታህ ነው፣ ሂድ» ሊለው አይችልም። ልዩነቱ ያለው ማን ተናገረው የሚለው ላይ ነው። ባለቤቱ ግዴታ ሲለው ትሕትና ነው፣ ወይም እውነትም እንደዚያ ተሰምቶት ነው። ጎረቤት ሲለው ግን ትእዛዝ ሆነ።

ሕግ ድንበሩን የት ያሰምራል?

እንደ አገሩ ነው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ ያንዣበበበትን ሰው፣ በራስም በሌላም ሰው ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየተቻለ ሆን ብሎ ጥሎ መሄድን ያስቀጣል። «አደጋ ሳይደርስ» የምትለዋ ሐረግ ላይ አተኩሩ። ገመድ መወርወር ወይም ስልክ መደወል ግዴታ ነው፤ ጎርፉ ውስጥ ዘሎ መግባት ከግዴታ አልፏል። ስለዚህ ሕጋችን ቃሉን ባይጠራውም ያውቀዋል።

ፈረንሳይም ተመሳሳይ ሕግ አላት፣ ቅጣቱ በመደበኛው እስከ 5 ዓመት እስራትና 75,000 ዩሮ ይደርሳል። የእንግሊዝ ሕግ ግን በጠቅላላው ሲታይ የማያውቁትን ሰው የማዳን ግዴታ የለውም። የሲንገር ኩሬ ዳር ለንደን ውስጥ ብትቆሙና ሕፃኑ የእናንተ ወይም በኃላፊነታችሁ ሥር ያለ ካልሆነ፣ ብታልፉት ሕጉ አይነካችሁም። ሰው የሚላችሁን ግን አላውቅላችሁም።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። ለቤተሰብ የምልከው ብር ትሩፋታዊ ነው ወይስ ግዴታ?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዛቱ! ከዲሲም ከጅዳም። አንድ መልስ የለውም፣ ብሩ ለማንና ለምን እንደሚሄድ ነው የሚወስነው።

የእናት መድኃኒት ከሆነ ትሩፋታዊ ነው ብዬ አላሞግሳችሁም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) እንኳ በወላጅና በልጅ፣ በወንድምና በእህት መካከል ለተቸገረውና ሠርቶ መኖር ላልቻለው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለ ይላል። ቃል ገብታችሁ የጀመራችሁት የወንድም ትምህርት ክፍያም ወደ ግዴታው ያደላል፣ ልጁን መሐል መንገድ ላይ መጣል ነው የሚሆነው። የአጎት ልጅ ሠርግ አዳራሽ ግን? የጎረቤት ልጅ ስልክ? እነዚህ ንጹሕ ትሩፋት ናቸው። ብትልኩ ተባረኩ፣ ባትልኩ ማንም ፊቱን ሊያዞርባችሁ አይገባም።

ችግሩ ይሉኝታ ነው። አንዴ የተሰጠ ስጦታ ነው። ሁለተኛ ሲሰጥ ይጠበቃል። ሦስተኛው ላይ ሲቀር «ረሳን፣ ተለወጠች» ይባላል። ቤሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ደመወዟን ሙሉ በሙሉ ለቤተሰብ የምትልክ ልጅ አለች እንበል፤ ያ ልጅ የምታደርገው ከግዴታዋ እጅግ ያለፈ ነው፣ ቤተሰቧ ግን በየወሩ እንደሚገባ ኪራይ ከቆጠረው ምስጋናውንም ነፃነቷንም ባንድ ላይ ነው የወሰደባት። ስሙን በትክክል መጥራት እዚህ ላይ የምር ዋጋ አለው። «አመሰግናለሁ፣ ባትልኪም ምንም አልነበረም» የሚል አንድ የድምፅ መልእክት ብዙ ይሠራል።

አለቃዬ «ከሚጠበቅባችሁ በላይ ሥሩ» ይላል። ይህስ?

የሚጠበቅ ከሆነ በላይ አይደለም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156/2011) መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ ክፍያ አለው። ሠራተኛው ወዶ ቢያመሽ የራሱ ትሩፋት ነው። አለቃ «ካላመሸህ ግምገማ ላይ አየዋለሁ» ካለ ግን ያ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ተቃራኒው ምን ይባላል?

ክልክል ያልሆነ ግን ክፉ የሆነ ሥራ ማለታችሁ ከሆነ፣ ፈላስፋዋ ጁልያ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ1992 «ሰበሮጋቶሪ» የሚል ስም አውጥታለታለች። ምሳሌዋ ባቡር ውስጥ ነው፤ ባልና ሚስት አብረው እንዲቀመጡ ወንበር ቀይርልን ቢሉት እምቢ ያለ ሰው። መብቱ ነው፣ ወንበሩን ቀድሞ ይዟል። ግን ወራዳ! መክሩህ የሚለው መደብ ለዚህ ይቀርባል። ያማርኛ ቅጽል እስካሁን አላገኘሁለትም፣ «ነውረኛ» ትንሽ ይከብዳል።

ትሩፋታዊ ሥራ ከጀመርኩ በከፊል ልተወው እችላለሁ?

ፈላስፋው ጆ ሆርተን እ.ኤ.አ. በ2017 ያነሣው ክርክር እዚህ ይገባል። ፍርስራሽ ሊወድቅባቸው ያሉ ሁለት ሕፃናት አሉ። ሁለቱንም ልታድኑ ትችላላችሁ፣ ግን ሁለት እጃችሁ ይቆረጣል። ዋጋው ይህን ያህል ከሆነ ባትገቡ ማንም አይወቅሳችሁም። ከገባችሁ ግን፣ እጃችሁም የሚሄድ ከሆነ፣ አንዱን ብቻ አድኖ ሌላውን መተው ስህተት ነው፤ ሁለተኛውን ለመጨመር ተጨማሪ ዋጋ የለውምና። የሚያስቀው ነገር፣ ይህን ከተቀበልን «አንዱን ብቻ ላድን» ለሚል ሰው «እንደዚያ ከሆነ ተወው፣ አትግባ» ልንለው ነው። አንድ ሕፃን በከንቱ ይሞታል። ሁለቱን ላድን ወይም ምንም አላድርግ የሚለው ሰው ከወቀሳ ነፃ፣ አንድ ያዳነው ጥፋተኛ። ለዚህ የሚያጠግብ መልስ አላየሁም።

ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ልጠቀምበት?

ከሥራ፣ ከተግባር፣ ከውሳኔ፣ ከስጦታ ጋር ይሄዳል። «ለጎረቤቷ ልጆች የከፈለችው የትምህርት ክፍያ ትሩፋታዊ ነው» ይባላል። «ትሩፋታዊ ሰው» ግን አይመቸኝም፤ ሰውየውን ደግ ወይም ቸር በሉት፣ ግእዝ ከወደዳችሁ ትሩፍ። ቃሉን ከ«ውለታ» ጋርም አታምታቱ። ውለታ ተቀባዩ ላይ የሚቀር የምስጋና ዕዳ ነው፤ ትሩፋታዊ የሚለው ሰጪው ዕዳ እንዳልነበረበት ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ራሳችሁ «ትሩፋታዊ ሥራ ሠራሁ» ማለት በሰዋስው ችግር የለውም፣ እኔ ግን በማመልከቻ ላይ እንኳ ባትጽፉት እላለሁ።